12.67 ሚሊ ሊትር፦ አና ማኒ በሠሩባት ከተማ የዝናብና የፀሐይ መለኪያ ስሠራ የያዝኩት ማስታወሻ

ግንቦት 18፣ እሑድ

ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደኝ አውቶቡስ ሺቫጂናጋር ሲደርስ ከዛፎች ጀርባ አንድ የድሮ ግንብ ይታያል። የሕንድ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ነው፤ የዚህች የሕንድ ከተማ፣ የፑኔ ሰው ግን እስከ ዛሬ «ሲምላ ኦፊስ» ነው የሚለው። መሥሪያ ቤቱ ከሲምላ ተራራ ወደዚህ የወረደው እ.ኤ.አ. በ1928 ሲሆን ስሙም አብሮት ወርዶ ቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ በፊቱ ስመላለስ የአውቶቡስ ፌርማታ ምልክት ከመሆን በቀር ምንም አልነበረም ለእኔ። አና ማኒ የሚባሉ ሕንዳዊት የፊዚክስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1948 ፑኔ መጥተው በዚህ መሥሪያ ቤት ሥራ እንደ ጀመሩ ያወቅሁት ገና ባለፈው ሳምንት ነው።

የውኃ ምህንድስና ተማሪ ነኝ። የዝናብ መረጃ ሳልጠቀም ያለፈኝ ቀን የለም ማለት ይቻላል፤ ሰንጠረዡን አወርዳለሁ፣ ቀመር ውስጥ እከታለሁ፣ ውጤት አወጣለሁ። ቁጥሩ ከየት መጣ፣ ማን ለካው፣ በምን ለካው ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም። ያፈርኩት በዚህ ነው።

ስለዚህ የክረምቱ ዝናብ ሳይገባ ሁለት መለኪያ በእጄ ልሠራ ነው፤ አንድ የዝናብ፣ አንድ የፀሐይ ብርሃን። ጊዜ ከተረፈኝ የቴርሞሜትር ሳጥንም እጨምራለሁ። ሕጌ አንድ ብቻ ነው፦ በኢንተርኔት ምንም አላዝዝም፤ ሁሉም ከፑኔ ገበያና ከፑኔ ባለሙያ እጅ ይምጣ። አና ማኒም የገጠማቸው ይኸው ነበር። አገሪቱ ነጻ ስትወጣ የአየር ጠባይ መሣሪያ በአብዛኛው ከእንግሊዝ ይመጣ ነበር፤ እሳቸው የተሰለፉበት ሥራ ያንን በራስ ወርክሾፕ መተካት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የመሣሪያ ክፍሉ ኃላፊ ሲሆኑ 121 ወንዶች በሥራቸው ነበሩ።

ግንቦት 19

ካስባ ፔት የሚባለው አሮጌ ሰፈር ውስጥ ታምባት አሊ የሚሉት የመዳብ አንጥረኞች ጎዳና አለ። ገና ሳትደርሱ መዶሻው ይሰማል። አባቶቻቸው ፑኔን ይገዙ በነበሩት በፔሽዋዎቹ ዘመን ከባሕር ዳርቻው መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ ዛሬም የውኃ እንስራና ድስት ከመዳብ ይቀጠቅጣሉ።

የገባሁበት ቤት ሽማግሌ አለ፤ እኔ «ካካ»፣ አጎት እንደ ማለት፣ እለዋለሁ፣ እሱ «ታይ» ይለኛል። ታይ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ በዕድሜ ሦስት እጥፌ ቢሆንም። ወረቀቴን ዘረጋሁለት፦ አፉ 127 ሚሊሜትር የሆነ እንቡቶ፣ ከሥሩ የሚገጥም ማጠራቀሚያ። 127ን ከራሴ አላመጣሁትም። ሲሞንስ የሚባለው የቆየ የዝናብ መለኪያ አፍ አምስት ኢንች ስለሆነ ነው። ስፋቱ 126.7 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በዚያ አፍ ሲገባ 12.67 ሚሊ ሊትር ውኃ ነው። ይቺን ቁጥር ግድግዳዬ ላይ ለጥፌያታለሁ።

ካካ ወረቀቱን ገለባብጦ አየና «ለጸሎት ነው?» አለኝ። ለዝናብ ነው ስለው ሳቀ። ዝናብ በነጻ ይመጣል፣ ምን ዕቃ ይፈልጋል?

ግንቦት 21፣ ረቡዕ

ጁና ባዛር እሑድና ረቡዕ ነው የሚቆመው። ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ያልተለየ ነገር ነው፤ የተፈታ ሬዲዮ፣ ዝገት የበላው ቁልፍ፣ ግማሽ ካሜራ። እዚያ ጥሩ የናስ ውኃ ልክ አገኘሁ፣ አረፋው ያልሞተ። የፀሐይ መለኪያውን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የገዛሁት ግን ቡድዋር ፔት ካሉት ጠባብ ሱቆች ነው፦ አንድ ሲሊኮን ፎቶዳዮድ፣ የ47 ኦም ሬዚስተር፣ ሽቦ። መልቲሜትሩ የራሴ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ብርሃን ዳዮዱ ላይ ሲያርፍ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ያ በሬዚስተሩ ሲያልፍ መልቲሜትሩ ላይ በሚሊቮልት ይነበባል። ዳዮዱ በቀጥታ ፀሐይ እንዳያይ ከላዩ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ነጭ ቴፍሎን በክብ ቆርጬ ከደንኩት፤ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ብርሃን አለስልሶ ያሳልፋል። ቤቱ የብረት ቅመም ዕቃ ነው። ማውሺ፣ ማለት አክስቴ የምላት የምኖርበት ቤት እመቤት፣ አንዱን ሰጠችኝ፤ የእርድ ሽታው እስካሁን አልለቀቀም።

ማታ 5 ሰዓት ላይ ሁሉም ተገጥሞ መብራት ሳበራበት ቁጥሩ ተንቀሳቀሰ። በጣም ደስ አለኝ። የሚንቀሳቀስ ቁጥር ደግሞ ሰውን በቀላሉ ያታልላል።

ግንቦት 23

የትምህርት ክፍላችን የላቦራቶሪ ባለሙያ ለሁለት ቀን አንድ እውነተኛ ፓይራኖሜትር፣ ማለት የፀሐይ ጨረር መለኪያ፣ አዋሰኝ፤ ሁለት የመስታወት ጉልላት ያለው፣ ከውስጡ ጥቁር የተቀባ ተርሞፓይል (ሙቀትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ)። ጣሪያው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፤ ሁለቱንም በውኃ ልኩ አስተካከልኩ።

እዚህ የፀሐይ እኩለ ቀን በሕንድ ሰዓት አቆጣጠር 12:32 ላይ ነው። ሕንድ ሰፊ አገር ሆና አንድ ሰዓት ብቻ ስለምትጠቀም ምዕራቡ ይዘገያል። በዚያ ሰዓት የተዋስኩት 912 ዋት በካሬ ሜትር ሲል የእኔ 10.8 ሚሊቮልት አለ። ስለዚህ አንድ ሚሊቮልት 84.4 ዋት። ጨረስኩ ብዬ ነበር።

ግን ጠዋት 7:30 ላይ የመዘገብኩትን ወደ ኋላ ሄጄ ሳሰላው ጉድ ሆነ። የተዋስኩት 248 ሲል የእኔ 2.4 ሚሊቮልት ነበር፤ በ84.4 ሲባዛ 203። 18 በመቶ ጎደለ። እኩለ ቀን ላይ ልክ የሆነ መለኪያ ጠዋት ይዋሻል ማለት ነው።

ፀሐይ ዝቅ ስትል ብርሃኗ ሰፍቶ ስለሚወድቅ ንባቡ መቀነሱ የግድ ነው፤ ያም ቅነሳ በኮሳይን ሕግ የታወቀ ነው። የእኔ ግን ሕጉ ከሚፈቅደው በላይ ቀነሰ። ግማሽ ሰዓት አፍጥጬበት ምክንያቱን አየሁት፦ ቴፍሎኑ ከቅመም ዕቃው ጠርዝ በሦስት ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። እኩለ ቀን ላይ ችግር የለም። ጠዋት ግን ጠርዙ ራሱ ጥላ ይጥልበታል።

ግንቦት 25፣ እሑድ

ቴፍሎኑን ከጠርዙ በላይ አወጣሁት፤ አሁን እንደ ትንሽ ከበሮ ጎልቶ ይታያል፣ በጎኑም ብርሃን ይቀበላል። ዛሬ እኩለ ቀን፦ 934 በተዋስኩት፣ 11.2 ሚሊቮልት በእኔ፤ ማባዣው 83.4 ሆነ። ጠዋት 7:30፦ 261 በተዋስኩት፣ 250 በእኔ። ጉድለቱ ወደ 4 በመቶ ወረደ። ከዚህ በታች በእኔ ዕቃ አልሄድም፤ ሲሊኮን የሞገድ ርዝመቱ ከ1,100 ናኖሜትር ወዲያ የሆነውን ብርሃን ጨርሶ አያይምና፣ ጥቁሩ ተርሞፓይል ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይጠጣል። ሰማዩ ሲለወጥ የሁለቱ ልዩነትም ይለወጣል። ይህንን በመሣሪያው ሆድ ላይ በወረቀት ጽፌ ለጠፍኩት፦ «4 በመቶ ጠዋት። በደመና አልተፈተነም።»

ፓይራኖሜትሩን ስመልስ ባለሙያው ወረቀቱን አንብቦ «ይኼ ከመሣሪያው ይበልጣል» አለኝ። ሙገሳ ይሁን ፌዝ አልለየሁትም።

እ.ኤ.አ. በ1957 እና 1958 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ተብሎ አገሮች በአንድ ላይ ምድርን ሲለኩ፣ አና ማኒ በሕንድ ዙሪያ የፀሐይ ጨረር የሚለኩ ጣቢያዎች መረብ ዘርግተዋል። እኔ አንድ ጣሪያ ላይ ሁለት ዕቃ ጎን ለጎን ለማስማማት አራት ቀን ፈጀብኝ። በረሃ ላይ ያለ መሣሪያና ባሕር ዳር ያለ መሣሪያ አንድ ቋንቋ እንዲናገሩ ማድረግ ስንት ያስከፍላል? ጡረታ ከወጡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ1981 የሕንድን የፀሐይ ጨረር መረጃ በሁለት መጽሐፍ አሳትመዋል። ሰንጠረዥ ነው አብዛኛው። ማንም ለደስታ ብሎ የማያነበው ዓይነት፣ የፀሐይ ኃይል ጣቢያ የሚተክል ሰው ግን የማያልፈው።

ግንቦት 26

ዛሬ ሥራ የለም፣ ካካን እየጠበቅሁ ነው። ስለ ሴትዮዋ ያነበብኩትን ልጻፍ።

የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1918 ነው፤ ትራቫንኮር ይባል በነበረው በዛሬው ኬረላ፣ ፒርሜድ በተባለ ደጋ። ከስምንት ልጆች ሰባተኛ። አባታቸው መሐንዲስ ሲሆኑ የሄል እርሻም ነበራቸው። ስምንት ዓመት ሲሞላቸው እንደ ቤተሰቡ ልማድ የአልማዝ ጉትቻ ሲሰጣቸው አልፈልግም ብለው ኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካን አስገዙ ይባላል። ከአልማዝ ግን አላመለጡም። ባንጋሎር በኖቤል ተሸላሚው በራማን ላቦራቶሪ ገብተው ከመምህሩ ክምችት የተዋሱትን አልማዝና ሩቢ ብርሃን እያበሩበት ሲያጠኑ ኖሩ። የአንዱን ድንጋይ ደካማ ብርሃን በፎቶግራፍ ሳህን ለመያዝ 15 እና 20 ሰዓት መጠበቅ ያስፈልግ ስለነበር እዚያው ያድሩ ነበር። አምስት ጽሑፍ አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1945 የዶክትሬት ድርሰታቸውን ለማድራስ ዩኒቨርሲቲ ሲያስገቡ የማስተርስ ዲግሪ የለሽም ተብለው ተከለከሉ። ድርሰቱ ተጠርዞ እስከ ዛሬ በራማን ተቋም ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል።

በዚያው በባንጋሎር፣ እ.ኤ.አ. በ1933፣ ካማላ ሶሆኒ የምትባል ወጣት በዚያን ጊዜ ራማን ይመራው በነበረው በሕንድ ሳይንስ ተቋም ለመማር አመልክታ ሴት በመሆኗ ተከልክላ ነበር። አልሄድም ብላ ተከራክራ በሙከራ ተቀበሏት፤ በኋላ ከኬምብሪጅ ዶክትሬቷን ይዛ ተመለሰች። የሳይንስ ተቋሙ ዛሬ ስለ ሁለቱም ይኮራል። እንግዲህ እንዲህ ነው።

አና ማኒ ለተጨማሪ ትምህርት በመንግሥት ወጪ ወደ ለንደን ሲሄዱ ያሰቡት ፊዚክስ ነበር። የተገኘው ቦታ ግን የአየር ጠባይ መሣሪያ ሥልጠና ብቻ ሆነ። ያንን ይዘው ነው ፑኔ የመጡት። በስተርጅና ሰዎች ስለ ሴትነታቸው ሲጠይቋቸው ጉዳዩን ማጋነን አይወዱም ነበር፤ ሥራው ላይ እንነጋገር የሚሉ ዓይነት ሰው ነበሩ። እኔ ግን ስለ ዲግሪው ሳነብ በእሳቸው ፋንታ ተናድጃለሁ፤ አይፈረድብኝም።

ግንቦት 27

እንቡቶው ደረሰ። ያምራል፤ መዳቡ ላይ የመዶሻው ምልክት እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደርድሯል። ካሊፐር ስጥልበት ግን አፉ 131 ሚሊሜትር ነው። በሌላ አቅጣጫም 131፤ ቢያንስ ክብነቱ ደህና ነው።

ካካ አልገባውም። «ታይ፣ አራት ሚሊሜትር እኮ የጥፍር ወርድ አይሆንም!» ለእንስራ እውነት ነው። ለዝናብ ግን አፉ በአራት ሚሊሜትር ሲሰፋ ስፋቱ 134.8 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል፤ በ12.67 ባካፍለው በየቀኑ 6.4 በመቶ ዝናብ ከራሴ ጨምሬ እጽፋለሁ ማለት ነው። ፑኔ በዓመት 700 ሚሊሜትር ገደማ ታገኛለች፤ 45 ሚሊሜትር ያልዘነበ ዝናብ። ይህንን መዳቡ ላይ በጠመኔ ጽፌ አሳየሁት። ዝም ብሎ አየና ሻይ አዘዘ። ሻዩ ካለቀ በኋላ «ጠርዙን በመዶሻ አላወጣልህም፣ ቶርኖ ያስፈልገዋል» አለ። በወንድ ፆታ ነው ያናገረኝ፤ ሲያስብ እንደዚያ ያደርገዋል።

ይኼኛውን አልጥለውም። የራሱን ቁጥር ሰጠሁት፦ 13.48 ሚሊ ሊትር ለአንድ ሚሊሜትር። ስፋቱ እስከታወቀ ድረስ ማንኛውም አፍ ይለካል። ችግሩ ስፋቱ ሳይታወቅ እንደ ታወቀ ሲወሰድ ነው።

ሰኔ 1

ካካ የሚያውቀው የቶርኖ ባለሙያ የናስ ቀለበት ሠራልን፤ ውስጡ 127.0፣ ጠርዙ ወደ ውጭ ተዳፍቶ እንደ ቢላ የሾለ። ሹል መሆኑ ለጌጥ አይደለም፤ ጠርዙ ላይ የወደቀች ጠብታ ወይ ሙሉ በሙሉ ትገባለች ወይ ሙሉ በሙሉ ትወጣለች፣ መሐል ላይ ቆማ አታመነታም። ሁለተኛው እንቡቶ ላይ ተበየደ። አሁን ሁለት መለኪያ አለኝ፤ ትንሹና ትልቁ።

የቴርሞሜትሩን ሳጥን ከአሮጌ የመስኮት ፍርግርግ ሠርቼ ነጭ ቀባሁት። ብዙ የሚወራለት አይደለም። አንድ ነገር ብቻ፦ መመሪያው በሩ ወደ ሰሜን ይዙር ይላል፣ ሲከፈት ፀሐይ እንዳትገባ። ፑኔ ላይ ግን በዚህ ወር እኩለ ቀን ፀሐይ ከአናት ወደ ሰሜን አምስት ዲግሪ ያህል አልፋ ነው ያለችው፤ እንደ አገር ቤት። መመሪያውን የጻፈው ሰው ከደጋው አውሮፓ ሳይሆን አይቀርም። ጠዋት ብቻ ስለምከፍተው ተውኩት።

ሰኔ 5

መጣ!

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ፤ ነፋስ አቧራውን አንስቶ ጣለው፤ ከዚያ ዘነበ። ሕፃናት መንገድ ላይ ወጥተው ይጨፍራሉ። እኔም ወጣሁ፤ ማውሺ ከበረንዳ «ትታመሚያለሽ!» እያለች ስትጮህ።

ሁለቱን መለኪያዎች በግቢው ክፍት ቦታ፣ ከግድግዳውና ከዛፉ ርቀው፣ ጠርዛቸው ከመሬት 30 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ጎን ለጎን አስቀምጫቸዋለሁ። በሕንድ የዝናብ ቀን የሚዘጋው ከጠዋቱ 8:30 ላይ ነው፤ በመላ አገሪቱ በአንድ ጊዜ። በአገር ቤት አቆጣጠር ልክ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ማለት ነው፤ እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የምትደውልልኝ ሰዓት።

ሰኔ 6

8:30። ስልኩ ትከሻዬ ላይ ተጣብቆ፣ የመስታወት መለኪያው በእጄ። ትንሹ፦ 143 ሚሊ ሊትር፣ በ12.67 ሲካፈል 11.3። ትልቁ፦ 152 ሚሊ ሊትር፣ በ13.48 ሲካፈል 11.3።

«ምን ሆነሽ ነው የምትስቂው?» አለችኝ እማዬ። አሥራ አንድ ነጥብ ሦስት፣ ሁለቱም! አልኳት። «እሰይ» አለች፣ ምኑ እንደሆነ ሳትጠይቅ።

ሰኔ 13

ሳምንት ሙሉ ሁለቱ ከ0.2 ሚሊሜትር በላይ አልተለያዩም። ስለዚህ ትልቁን ትናንት ጣሪያ ላይ ሰቀልኩት። ሰው ሁሉ መለኪያውን ጣሪያ ላይ ያደርጋል፤ ማንም አይነካውምና። ምን እንደሚያደርገው ልይ አልኩ።

ዛሬ ጠዋት፦ መሬት ላይ ያለው 284 ሚሊ ሊትር፣ 22.4 ሚሊሜትር። ጣሪያ ላይ ያለው 251 ሚሊ ሊትር፣ 18.6 ሚሊሜትር። ወደ 17 በመቶ ጠፋ! ሌሊት ነፋስ ነበር። ነፋሱ ግድግዳውን ገጭቶ ወደ ላይ ሲወጣ ጠብታዎቹን ከአፉ በላይ አሻግሮ ይወስዳቸዋል። ያው ሰማይ፣ ያው ግቢ፣ በመካከላቸው ሰባት ሜትር ከፍታ ብቻ። ስንት ጊዜ ነው የጣሪያ ላይ መለኪያ መረጃ ቀመር ውስጥ የከተትኩት? አላውቅም፤ መረጃው ላይ አልተጻፈም።

ሰኔ 20

ትንሹ 3 ሚሊሜትር፣ የጣሪያው 16። ግራ ገባኝ፤ ከዚያ እንቡቶውን አየሁት። ጉልሞሃሩ፣ እኛ የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው፣ ቅጠሎቹን አርግፎ ጉሮሮውን ደፍኖታል፤ ውኃው ሞልቶ ፈሷል። ከዛፉ ርቄ ነበር፣ ነፋሱ ግን ርቀት አያውቅም። ከመዳብ ሽቦ ቀለል ያለ ወንፊት ሠራሁ። ቀኑን «ተደፍኗል» ብዬ ጻፍኩ።

ሰኔ 25

ሌሊቱን ሙሉ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰምቼዋለሁ፤ ከገባ ወዲህ ትልቁ ዝናብ ነው። 8:30 ላይ ስወርድ መለኪያው ባዶ ነው። ባዶ ብቻ ሳይሆን ተወልውሏል፣ ያበራል፣ አፉም ላይ ቀይ የሂቢስከስ አበባ ተቀምጦበታል።

ማውሺ! በማለዳ ተነስታ፣ የቆሸሸ ውኃ አይታ፣ አዝናልኝ በታማሪንድ አሽታ አጥባዋለች። መዳብ በታማሪንድ ሲታሽ እንደ ወርቅ እንደሚሆን በኩራት አሳየችኝ። ምን እላታለሁ? አመሰገንኳት፤ ከዚያ ቀስ ብዬ አስረዳኋት። ፊቷ ሲለወጥ ይበልጥ አዘንኩ።

የጣሪያው መለኪያ አልተነካም፤ 51 ሚሊሜትር ይላል። ጣሪያው ያጎድላል ብያለሁ፤ ታዲያ በዚያ ልክ ጨምሬ 61 ብዬ ብጽፈው ማን ያውቃል? እርሳሱን አንስቼ ነበር። አና ማኒ የተሳሳተ ልኬት ካለመለካት የባሰ ነው ይሉ እንደነበር በየጽሑፉ ይጠቀሳል፤ ሳነበው የግድግዳ ጥቅስ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ግን ገባኝ። ባዶ ቦታ ያየ ሰው ባዶ መሆኑን ያውቃል። 61ን ያየ ሰው ግን የእኔን ግምት ዝናብ ብሎ ይዞ ይሄዳል፤ የትኛው ቀን ነፋስ እንደ ነበረው፣ የትኛው እንዳልነበረው ማን ይነግረዋል? ትናንት ነፋስ ነበረ ወይስ አልነበረም? እኔ ራሴ ተኝቼ ነበር።

ሰረዝ አደረግሁ። «በስሕተት ተደፍቷል።» ማውሺ ከዛሬ ጀምሮ ጠባቂ ሆናለች፤ ድመቷ እንኳ አጠገቡ አትደርስም።

ሐምሌ 4

ፈተና ስለነበረኝ ቁጥር ብቻ ነው የመዘገብኩት። የፀሐይ መለኪያው በዚህ ወር ለወሬ አይበቃም፤ ደመና ነው። ቴፍሎኑ ሥር ጤዛ ገብቶ አንድ ቀን አሳበደው፤ በሲሊኮን ማስቲሽ ዘጋሁት።

ስለ አባዬ ልጻፍ። ደብረ ማርቆስ ነው ያለው፣ ጡረታ ላይ። ስለ መለኪያው ከእማዬ ሰምቶ ራሱ ደወለ። «የዚያ አገር ሰው ነው እኮ እኔን ያስተማረኝ» አለኝ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር፣ ፊዚክስ የሚያስተምሯቸው ከኬረላ የመጡ ነበሩ፤ ያኔ በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት ሕንዳዊ መምህር የተለመደ ነበር። መልሱ ልክ ሆኖ ሜትር ወይም ግራም ብሎ መለኪያውን ያልጻፈ ተማሪ ዜሮ ያገኝ ነበር። «አምስት! አምስት ምን? አምስት ፍየል?» እያሉ። አባዬ እስከ ዛሬ የእንግሊዝኛ አነጋገራቸውን ያስመስላል።

ከዚያ ቁም ነገሩን አመጣ፤ እሱም ሊያሠራ ይፈልጋል። ክረምቱ እዚያም ገብቷል። ሥዕሉን ላኪልኝ አለ።

ሐምሌ 7

ሥዕሉ ቀላል መስሎኝ ነበር። ለካካ የሰጠሁት ወረቀት አለ አይደል? አውጥቼ ሳየው ግን አፈርኩ። 127 ይላል፤ የውስጥ ነው የውጭ? አይልም። ካካ 131 ያመጣው በመዶሻ ስሕተት አይደለም። የመዳቡን ውፍረት ጨምሮ፣ ለእጥፋቱ ትንሽ ትርፍ ይዞ፣ እኔ የሳልኩትን ሠራ። ጥፋቱ የወረቀቱ ነው። ነገ ሄጄ እነግረዋለሁ።

ስለ አና ማኒ ከተጻፈው ሁሉ በመጀመሪያ ሳነብ ያለፍኩት አንድ መስመር አለ፦ ወደ መቶ የሚጠጉ የአየር ጠባይ መሣሪያዎችን ሥዕል ደረጃውን የጠበቀ አድርገው አዘጋጅተው ማምረት አስጀመሩ። የኦዞን መለኪያውን፣ ቱምባ የሮኬት ማስወንጨፊያ ላይ የተከሉትን የአየር ጠባይ ማማ በጉጉት ሳነብ ይቺን እንደ ጽሕፈት ቤት ሥራ ዘለልኳት። አሁን አንድ ሥዕል ይዤ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ባንጋሎር ያለ ቶርኖና ካልካታ ያለ ቶርኖ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች፣ ሳይደዋወሉ አንድ ዕቃ እንዲሠሩ የሚያደርግ ወረቀት። መቶ።

ሐምሌ 10

ለአባዬ ላክሁ። ውስጥ 127፣ ሲበዛ ግማሽ ሚሊሜትር ይለፍ ወይም ይጉደል። የጠርዝ ከፍታ 30 ሴንቲሜትር። ከግድግዳ የሚርቀው የግድግዳው ቁመት ሁለት እጥፍ። መዳብ ካልተገኘ ቆርቆሮ። ንባቡ በየቀኑ በአንድ ሰዓት።

ለካካም ነገርኩት። ሳቀና ለረዳቱ በማራቲኛ አንድ ነገር አለው፤ ረዳቱ እስኪበቃው ሳቀ። ትርጉሙን አልነገሩኝም።

ሐምሌ 19

አባዬ ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። አፉን በአራት አቅጣጫ እንዲለካ ነግሬው ነበር፦ 127፣ 126፣ 127፣ 128። ትንሽ ሞላላ ነው። አራቱን ደምረህ አካፍል አልኩት፤ «ይኼን እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ» አለኝ። እውነቱን ነው።

የመስታወት መለኪያ አላገኘም። የሐኪም ቤት ሲሪንጅ፣ የ20 ሚሊ ሊትር፣ እየሞላ ይቆጥራል። ጥሩ ነው፤ ሲሪንጅ በደንብ የተሰመረ ነው። የመጀመሪያ ንባቡ 108 ሚሊ ሊትር ነበር፤ 8.5 ሚሊሜትር። እኔ በዚያው ጠዋት 4.1።

ሐምሌ 21

ዛሬ በ8:30 እማዬ ሳትሆን አባዬ ደወለ። ሥዕሉን ከፊቱ ዘርግቷል፣ የወረቀቱ ድምፅ ይሰማኛል።

«ልጄ፣ እዚህ ላይ ጠርዙ ሹል ይሁን ትያለሽ።»

«አዎ አባዬ።»

«ሹሉ ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የሚዳፋው? ሠሪው ጠይቆኝ አጣሁት።»

ሥዕሉን ከፈትኩ። አልጻፍኩትም። ቀስቱ ጠርዙን ያሳያል፤ የትኛው ጎን እንደሆነ አይልም። አባዬን ወደ ውጭ ነው አልኩትና እርሳስ አነሳሁ፤ ከላይ ጥግ ላይ «ሁለተኛ እትም» የሚለውን ሰርዤ «ሦስተኛ» ጻፍኩ።